ለቆመ ማሽን ሆዲ ማለት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሰናይት፣ ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን ምን ነበር የምትሠሪው?» ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ካሉት ያበሻ ምግብ ቤቶች ባንዱ ቁጭ ብለን እየበላን ነው እንግዲህ። ጠያቂዬ የአየር መንገድ ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ስለሚሆን የራሱን ሥራ ባንድ ቃል ተናግሮ ጨርሷል። እኔ «የማሽን ንዝረት እከታተል ነበር» ስል ጉርሻው እጁ ላይ ይቀራል። «ማለት?» ይለኛል። ማለትማ ማሽን ሊሰበር ሲል ከመጮኹ በፊት ይንቀጠቀጣል፤ ያን መንቀጥቀጥ የምትሰማ አውራ ጣት የምታክል ሴንሰር ገላው ላይ አስራለሁ፣ ሴንሰሯ በገመድ ለስክሪን ታቀብላለች፣ እኔ ስክሪኑን አነባለሁ። «አሃ፣ እንደ ሐኪም በይኛ!» ይላል። ኤዲያ! ሐኪምን እኮ በሽተኛው «እዚህ ጋ ያመኛል» ይለዋል።

ሥራውን የተውኩት ዕድሜ ገፍቶኝ ብቻ አይደለም፤ ሥራውም ጥሎኝ ሄዷል። የዛሬዋ ሴንሰር ገመድ የላትም። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያለ ፓምፕ ኩሽኔታው፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ሲያረጅ ወሬው ባሕር ተሻግሮ ፓምፑን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ልጅ ዘንድ ይደርስና፣ ልጁ ናይሮቢ ደውሎ «እስቲ እዩት» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ አልዋሽም። ደመወዙም ከኛ ይሻላል አሉ፤ ይሁንለት። እኔ ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስሜ «በር አስከፋቿ» ሆኖ ነበር። ቆሞ የነበረ ማሽን ሊነሳ ሲል ያለውን በር ሁሉ አስከፍቼ፣ ውስጥ የገባውን ሰው ሁሉ ፊቴ አቁሜ ካላየሁ «አስነሱ» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። አለቆቼ በግነው ነበር። አንዱማ «ይቺ ሴትዮ የምትቆጣጠረው ማሽን ነው ሰው?» ብሎ ሪፖርት ጽፎብኛል። ይጻፋ! ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ሳይነገራቸው የሚያውቁት ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቁ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ከኔ በጣም ቀደም ብለው፣ ገና ጉልበታቸው ሳለ፣ ባንድ ቀን መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሄደዋል። አንድ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ሞቶብን ነው። የምተርከውም እሱን ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

ጋሽ ወርቁ ወጣትነታቸውን መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከመርከብ ወርደው እንዴት ናይሮቢ እንደገቡ ተናግረው አያውቁም፤ እኛም አንጠይቅም። ካሳራኒ ሰፈር ተከራይተው ይኖራሉ፣ ጠዋት በማታቱ ታክሲ ተጋፍተው ይመጣሉ፣ ደግሞ ከሁላችንም ቀድመው ይገባሉ። እኔ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ዲፕሎማዬን ይዤ ስመጣ ሴንሰር ተክሎ የሚጠግን አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠረኝና ለሳቸው ሰጠኝ። የመጀመሪያው ቀን አንድ የዱቄት ፋብሪካ ወሰዱኝ፣ ከሚጮኽ ማሽን ፊት አቆሙኝና «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ዝጊና ቁሚ» አሉኝ።

ቆምኩ። ቆየሁ። «ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

«ጫጫታ።»

«ጫጫታ የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ አለ፣ ቺንጋው አለ፣ ኩሽኔታው አለ፣ አንድ የላላ ቡሎን አለ። ሁሉም ባንዴ እያወሩሽ ነው። ተመለሺና ቁሚ።»

ደሜ ፈላ። ዲፕሎማ ይዤ መጥቼ እንደ ተቀጣ ተማሪ ልቁም! ግን ከምሳ በኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ ወጣልኝ፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ የሚል። እየጠቆምኩ «ያ ነው ቡሎኑ» ስላቸው ፈገግ እንኳ አላሉም፤ መፍቻውን አቀበሉኝ።

ማሽን አጠገብ ከመድረሳቸው በፊት ሰዓታቸውንና ስልካቸውን አውልቀው መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ይቆልፉ ነበር። «እነዚህ የራሳቸው ወሬ አላቸው» ይላሉ። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጡና ጫፉን ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሴንሰር የሚተክሉት ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ያስፍቁኛል፤ ቀለም ላይ የተቀመጠች ሴንሰር የምትሰማው ቀለሙን ነው ባይ ናቸው። ገመዱ እንዳይንቀጠቀጥ ባጭር ባጭሩ ያሳስሩኛል፤ ውሃ በገመዱ ወርዶ እንዳይገባ መግቢያው ጋ ወደ ታች ያስቀልሱኛል። አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይደግሙልኝ ነበር፤ «ሴንሰር አንድ ነገር መንካቱን ትነግርሻለች እንጂ ማን እንደነካ፣ የት እንደነካ አትነግርሽም። ቅርብ ያለውን ትሰማለች፣ ሩቅ ያለውን ትተዋለች።»

አሁን ሆዲ የሚሉትን ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ኬንያ ሰው ቤት ስትሄዱ በር ላይ ቆማችሁ «ሆዲ!» ትላላችሁ፤ ውስጥ ያለው «ካሪቡ» ይላል፣ ግቡ ማለቱ ነው። ጋሽ ወርቁ ይህን ከአገሬው ተምረው ማሽን ላይ አመጡት። ለጥገና ቆሞ የዋለ ማንኛውም ማሽን ከመነሳቱ በፊት መፍቻቸውን ይዘው ገላውን ሦስቴ ያንኳኳሉ፤ «ሆዲ!» ይላሉ ጮክ ብለው፤ ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ዝም ካለ «ካሪቡ የለም፤ ቤቱ ባዶ ነው፤ አስነሱ» ይላሉ። ፉንዲዎቹ፣ የኬንያ መካኒኮቹ ማለቴ ነው፣ በሳቅ ይሞቱ ነበር። «ምዜ ሆዲ»፣ ሽማግሌው ሆዲ፣ ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። እኔም ስቄያለሁ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ካሪቡ የሚል ቢመጣስ?» ብዬ ስቀልድ አስተያየታቸው ሳቄን አጠፋው። «መርከብ ላይ ያልጠየቅነው አንድ ጊዜ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም ዳግመኛ አላነሳሁባቸውም።

ስንቱ ፋብሪካ፣ ስንቱ አለቃ አለፈ መሰላችሁ። አለቆቹን ተዉአቸው፤ መልካቸው ሁሉ ተምታቶብኛል። ማሽኖቹን ግን አልረሳም። አንድ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ሁለት ፓምፖች ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንደኛው ይሠራል፣ ሌላው ምናልባት ተብሎ የተቀመጠ፣ ተነስቶ የማያውቅ አዲስ። የሚሠራው ሲደክም አዲሱን አስነሱት፤ ወዲያው እንደ ውሻ ማላዘን ጀመረ። ስንከፍተው ኩሽኔታው ተበልቶ አልቋል። ዞሮ የማያውቅ ማሽን! ጉድ አልን። ለካ የጎረቤቱ ንዝረት በወለሉ እየገባ፣ ቆሞ ሳለ ብረቱን ባንድ ቦታ ሲቦረቡር ከርሞ ነው። ጋሽ ወርቁ መዳፋቸውን አዲሱ ፓምፕ ላይ አድርገው «ቆሞ ነው የሞተው፤ ማንም አላየውም» አሉ። እኔ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ማቀዝቀዣው ዝም ባለ ቁጥር ጆሮዬ ይቆም ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የሥጋ ማከማቻ ውስጥ ከሰዓት በኋላ በመጣ ቁጥር የጠፋ ኮምፕሬሰር ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣል። ዘበኞቹ አጠገቡ መቀመጥ ትተው ነበር። «ጋኔን አለበት» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። መስመሩ ከፍ ሲል ጆሮዬን ወለሉ ላይ አደረግኩ፤ ባቡር ነው! ሐዲዱ ከግቢው ጀርባ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ ጋኔን አስወጪ ተብዬ ስሜ ገነነ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ልዋሻችሁ።

የብረት ማቅለጫው ከሞምባሳ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው። ቁርጥራጭ ብረት ያቀልጣል፤ ጭሱ ሰው አጎንብሶ በሚሄድበት ትልቅ የብረት ቧንቧ ይሳባል። ቧንቧው ከምድጃው ተነስቶ መጀመሪያ አንድ የአቧራ ክፍል ይገባል፣ አቧራው እዚያ ይወርዳል፣ ከዚያ ቧንቧው ይቀጥልና መጨረሻው ላይ ከቤት የሚበልጥ ፋን አለ፤ እሱ ነው ጭሱን የሚጎትተው። ፋኑ ሲቆም በፋኑና በቧንቧው መካከል ያለ የብረት መዝጊያ ይዘጋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የፋኑን በር ከፍቶ ያየ ሰው የሚያየው ምላጮቹንና የተዘጋውን ብረት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አይታየውም። ጥቁር አቧራ ሁሉም ነገር ላይ ተኝቷል፤ ስትረግጡት እንኳ ድምፅ የለውም። ሠራተኞቹ ፋኑ አጠገብ ብቻቸውን መሄድ አይወዱም ነበር። ድሮ አንድ ሰው ምድጃው ጋ ሞቷል ይባላል፤ ከነስሙ ያወሩታል።

የዚያን ቀን ፋኑ ለጽዳት ቆሞ ነበር። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው የግሉን ቁልፍ ማብሪያው ላይ ይሰቅላል፤ ቁልፉ እስካለ ማንም ማስነሳት አይችልም። አቧራ የሚጠርጉት ኪባሩዋዎች ግን የቀን ሠራተኞች ስለሆኑ ቁልፍ የላቸውም፤ የፎርማናቸው ቁልፍ ነው የሚሰቀልላቸው። እኔና ጋሽ ወርቁ ያረጀች ሴንሰር ቀይረን፣ ቁልፎቻችንን አውርደን ምሳ በላን። ከምሳ ስንመለስ የፎርማኑም ቁልፍ ወርዷል። የአቧራውን ክፍል ሲጠርግ የነበረው ልጅ ጨርሶ ሄዷል አለ ፎርማኑ፤ ኪባሩዋ ሲጨርስ ሳይሰናበት መሄዱ የተለመደ ነው።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሙቱዋ የሚባል ኦፕሬተር ነበር፤ ቀልደኛ፣ ሆዱ የወጣ፣ ከሰው ተግባቢ። በበሩ ብቅ ብሎ ጠራኝ። «ማማ ሰናይት፣ ነይ እስቲ። የሞተው ፋንሽ እያወራ ነው።»

ሄጄ አየሁ። መስመሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ፋኑ ቆሟልና እንዲያ መሆን አለበት። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ትላለች። ዝም። እንደገና ጠብ፣ ጠብ።

«ባቡር ነው» አልኩት አፌን ሞልቼ።

«ማማ፣ እዚህ ባቡር የለም።»

«እንግዲያው ገመዱ ነው።» ወጥቼ ገመዱን ነቀነቅኩ፤ ጠንካራ ነው፣ በገዛ እጄ ያሰርኩት። ተመለስኩ። ጠብ፣ ጠብ። ዝም። ማሽን እንዲህ አያደርግም። የላላ ነገር ቢሆን ባንድ ልክ ይመታል፤ ባቡር ቢሆን ከፍ ብሎ ይወርዳል። ይሄ ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይመታል። የሚደክመው ነገር ይመስላል። ሙቱዋም ቀልዱን አቁሞ እኔን እኔን ያያል።

ለማናጀሩ ነገርነው። ወጣት ነው፣ ክፉ አይደለም፤ ግን ምድጃው ሞቆ ብረቱ እየጠበቀው ነው። «እሺ ክፈቱና እዩ» አለ። ከፈትን። በባትሪ አየን። ምላጮቹ አሉ፣ ብረቱ እንደተዘጋ ነው፣ ሰው የለም። በሩን መልሰው አሰሩት። «ሴንሰርሽ አዲስ ነች አይደል? እሷን ቀይሪያት» አለኝ ማናጀሩ። ሠራተኞቹ ግን ራቅ ብለው ተሰብስበው የድሮውን ሟች ስም በሹክሹክታ ይጠሩ ነበር። እኔ ጋኔን አስወጪዋም ገመዱን ደግሜ ነቀነቅኩ።

ጋሽ ወርቁ መጡ። ማንንም አላናገሩም። ሰዓታቸውንና ስልካቸውን አውልቀው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉ፤ መፍቻውን አንስተው የፋኑን ገላ ሦስቴ አንኳኩ። «ሆዲ!»

ሙቱዋ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ስክሪኑን እያየ በሬዲዮ ይነግረናል። ከዚያ ያንን ሁሌ የሚስቅ ድምፅ ሰማሁት፤ ቀጥኗል። «ምዜ፣ ሦስት መልሷል።»

ጋሽ ወርቁ አሁን ሁለቴ አንኳኩ።

«ሁለት» አለ ሙቱዋ። «ጌታዬ ሆይ፣ ሁለት ነው።»

አንዱ ሠራተኛ መሣሪያውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ማናጀሩ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ የፋኑን ብረት ደግፌ ቆሜ ነበር፤ ወዲያው እጄን አነሳሁ፣ ብረቱን መንካት ፈራሁ። ጋሽ ወርቁ ብቻ ጮኹ። «ሙት ቆጥሮ አይመልስም! ሰው ነው! ሰው አለ እኮ! በዚያኛው በኩል ክፈቱ!»

ሁላችንም ወደ አቧራው ክፍል ሮጥን፤ ወደ ቧንቧው የሚገባው በዚያ ነውና። በሩ ሲከፈት አቧራው እንደ ውሃ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ከግድግዳው ላይ የተጋገረው አቧራ ተንዶ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ወደ ቧንቧው የሚያስገባው አፍ እንኳ አይታይም። ጥግ ላይ አንድ ጭንቅላት አለ። ፊቱ ጥቁር፣ ዓይኑ የተከደነ፣ እስከ ትከሻው የተቀበረ። በአካፋ፣ በእጅ፣ በቆብ ዛቅን። ማናጀሩ ራሱ በነጭ ሸሚዙ ይዝቅ ነበር። ትንፋሽ አለው! ከወገቡ በላይ ሲወጣ ሴቶቹ የቢሮ ሠራተኞች እልል አሉ፤ ወንዶቹ ብረት በብረት እየመቱ ጨፈሩ። ጋሽ ወርቁን ተሸክመዋቸው ነበር። እኔ አለቀስኩ፤ ያን የሳቅሁበትን ሆዲ እያሰብኩ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ልጁ ባራሳ ይባላል። አምቡላንስ እስኪመጣ አንጠብቅም ተብሎ በማናጀሩ መኪና ኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው፤ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ እኔ አብሬው እንድሄድ ተደረገ። መኪናው ሲነሳ ጋሽ ወርቁን በመስኮት አየኋቸው። መፍቻቸውን ይዘው ወደ ፋኑ እየተመለሱ ነው።

ከሄድኩ በኋላ የሆነውን ሙቱዋ ነው በኋላ የነገረኝ፤ በቦታው ላስቀምጠው። ጋሽ ወርቁ ፎርማኑን «ስንት ሰው ነበር ያስገባኸው?» አሉት። «አንድ ቦታ ብቻ ነው የነበረኝ፤ እሱም ወጥቷል» አለ። በሮቹ ተዘጉ። ጋሽ ወርቁ ፋኑ ጋ ቆመው ሦስቴ አንኳኩ። ሙቱዋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ፤ መስመሩ ቀጥ ብሏል። ደግመው አንኳኩ። አሁንም ቀጥ። ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከወትሮው በላይ ቆዩ። ማናጀሩ አንድም ጊዜ አላስቸኮላቸውም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ማን ያስቸኩላቸዋል? በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡና «ካሪቡ የለም። አስነሱ» አሉ።

እኛ ሞምባሳ መንገድ ላይ ትራፊክ ይዞናል። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፣ የሚያልፈን የለም፣ የምናልፈውም የለም። የባራሳን ፊት በውሃ ስጠርግ ዓይኑን ገለጠ። ሳለ። ጥቁር አቧራ ተፋ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ልጅ» አልኩት በአማርኛ፤ ከዚያ በስዋሂሊ፣ «ጎበዝ ነህ፤ እንኳን አንኳኳህ። ባታንኳኳ ኖሮ አንሰማህም ነበር።»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ምን አንኳኳሁ?»

«ብረቱን ነዋ። ስንጠይቅህ መለስክልን።»

«እጄ ተቀብሮ ነበር» አለ። «ጣቴን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም።» እውነቱን ነው። ሲወጣ አይቻለሁ፤ እጆቹ ከትከሻው በታች ከአቧራው ሥር ነበሩ፣ እየጎተትን ነው ያወጣናቸው። ሁላችንም አይተናል። ከደስታችን ብዛት ማናችንም አላሰብነውም።

ከዚያ ሊነሳ ሞከረ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከኔና ከሾፌሩ በቀር ሰው የለም። «ወንድሜስ?» አለኝ።

«የቱ ወንድምህ?» አልኩት።

አንድ የሥራ ቦታ ለሁለት ይዘው ነበር። ይሄ እዚህ ያለ ነው፤ ፎርማኑ አንድ ሰው ብሎ ይጠቁማል፣ ወንድማማቾቹ ወይም ጓደኛሞቹ ተካፍለው ይገባሉ፣ ሥራው በጊዜ ያልቃል፣ የሚገኘውንም ይካፈላሉ። ፎርማኑ የሚቆጥረው ቦታውን ነው፤ ሰውን አይቆጥርም። ታናሽየው ቀድሞ ወደ ቧንቧው ዘልቆ ነበር፤ አቧራው ሲናድ መውጫው ተደፈነበት። በቧንቧው ውስጥ እየዳኸ እስከ ፋኑ መዝጊያ ሄዶ ብረቱን ያንኳኳው እሱ ነው። ሦስት ብለን ሦስት የመለሰልን እሱ ነው።

ታዲያ ኋላ ላይ ለጋሽ ወርቁ ለምን አልመለሰም? ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገኝ ዕውቀት ሁሉ ነበረኝ፤ እዚያ መኪና ውስጥ እንደ መብረቅ መጣብኝ። በወዲያኛው ጫፍ አካፋ ሲዛቅ ሰማ። እልልታ ሰማ። ብረት ሲመታ ሰማ። ሰዎቹ በዚያ እየመጡልኝ ነው አለ። ስለዚህ ከመዝጊያው ተነስቶ በጨለማ ወደ ድምፃችን ዳኸ፤ ሴንሰሯ ከምትሰማበት ወጣ፤ የተናደው አቧራ ጋ ደርሶ እስክንከፍትለት ተቀመጠ። እኛ ደግሞ በሩን ዘጋን።

ስልኬን አወጣሁ። ለጋሽ ወርቁ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሳጥናቸው ውስጥ ተቆልፏል። ባራሳ እጄን ይዞ «ንዱጉ ያንጉ፣ ንዱጉ ያንጉ» ይላል፣ ወንድሜን፣ ወንድሜን። ሾፌሩ «ምንድነው? ምንድነው?» ይለኛል። ወደ ሙቱዋ ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። ጠራ። አምላኬ ሆይ አንድ ደቂቃ ብቻ ስጠኝ አልኩ፤ ሌላ ምንም አልለምንህም አልኩ።

ሙቱዋ አነሳው። እየሳቀ ነበር፤ ደስታው ገና አልበረደለትም። «ማማ ሰናይት! ልጃችን እንዴት ነው? ነቃልሽ?»

ከድምፁ ኋላ ያለውን እያዳመጥኩ ነበር። ሞተሩን ለየሁት፣ ኩሽኔታውን ለየሁት፣ ምላጮቹ አየሩን ሲቆርጡት ለየሁ።

«ሄሎ? ማማ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ ሙቱዋ። «ፋንሽን አትስጊ፤ ከተነሳ ቆይቷል። እንዲህ ለስልሶ ሲዞር አይቼው አላውቅም።»